የአገር ቲማቲም

ቲማቲም ሦስት ዓይነት ነው። ከዚያ ይበልጣል የሚላችሁ ካለ የገዳሪፍን ገበያ አያውቅምና እለፉት። አንደኛው ድቡልቡልና ለስላሳ፣ ዘሩ ከውጭ አገር በጣሳ ታሽጎ የሚመጣ ነው፤ ጣሳው ላይ ያለው ሥዕል ሁልጊዜ ከሚበቅለው ይበልጣል። ሁለተኛው እንደ እንቁላል ሞላላ፣ ደርቆ ተወቅጦ ወጥ የሚገባ ነው። ሦስተኛው እኔን ያዋረደኝ ነው።

ልነግራችሁ የተነሣሁት ስለ ሦስተኛው ነው። እግረ መንገዴን የዘርፌንም ነገር አነሣለሁ። እሷ የእኔን ነገር ያላነሣችበት ቦታ ስለሌለ ሐሜት አይሆንብኝም።

ዘርፌና እኔ የደንቢያ ሰዎች ነን፤ የአንድ መንደር፣ የአንድ ማኅበር። የማርያም ማኅበር ተራ ደርሶኝ የደገስሁ ዕለት ጠላዬ በመጠኑ ሆምጥጦ ነበር። በመጠኑ ነው የምላችሁ። ሌላው ሰው ፊቱን ሳያጨማድድ ይጠጣ ነበር፤ ያጨማደዱም ቢኖሩ ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ስለገባ ነው። ዘርፌ ግን አንድ ጊዜ ጎንጨት አለችና ብድግ ብላ ዋንጫውን ደጄ ላይ ደፋችው። «ይኼስ ለቆዳ ማልፊያ ይሆናል» አለች። ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመት አላነጋገርኋትም። እሷ ዝም ማለቴን መቼ እንዳወቀች አላውቅም፤ ዘርፌ ሌላ ሰው ዝም ሲላት ቶሎ የምታውቅ ሴት አይደለችም።

ከዚያ ዝናብ የጠፋበት ክፉው ዘመን መጣ። ከቤት ስንወጣ ስንት እንደነበርን አልናገርም። ሱዳን ስንገባ መዝጋቢው በአስተርጓሚ ስንት ናችሁ ሲለኝ አንድ ጣቴን አሳየሁት። እሱም ጻፈ። ነገሩ በዚሁ ይለፍ።

ዓረብኛ ያስተማረኝ ያ መዝጋቢ ነው። «ኢስሚክ ሚኑ?» አለኝ፤ አስተርጓሚው ስምሽ ማነው ይልሻል አለ። «በለዲክ ወይን?» አለኝ፤ አገርሽ የት ነው ይልሻል አለ። ከእኔ ፊት የነበሩት ሴቶች «ኢስሚ እንዲህ፣ ኢስሚ እንዲያ» እያሉ ስማቸውን ሲናገሩ ሰምቼ ነበርና ወዲያው ገባኝ። ኢስም ስም ነው፤ ኢስሚ ስሜ ነው። እንግዲያው በለድ አገር ከሆነ፣ በለዲ አገሬ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ፣ በባዶ ሆድ፣ ይህን ያህል የሚማር ስንት ሰው አለ? ስለዚህ ከዚያ ወዲያ መማር አላስፈለገኝም።

መጠለያው ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ ጥቁር አፈር ላይ ነበር። እግዚአብሔር ያን ሁሉ ሜዳ፣ ዓይን አይቶ የማይጨርሰውን ሜዳ ፈጥሮ እያለ፣ ጎጆ የሚያድለው ሰውዬ የእኔን ጎጆ ከዘርፌ ጎጆ አጠገብ ሰጠኝ። በመካከላችን ዓይነ ስውር የሆኑ አንድ መሪጌታ ነበሩ። መልእክታችን ሁሉ በእሳቸው በኩል ያልፍ ነበር። እኔ፣ «መሪጌታ፣ ለጎረቤትዎ ጭሷ ወደእኔ እየመጣ ነው በሉልኝ» እላለሁ። ዘርፌ ከሁለት ክንድ ላይ ቁጭ ብላ፣ «መሪጌታ፣ ጭሱን ነፋሱ እንጂ እኔ አልነዳሁትም በሉልኝ» ትላለች። መሪጌታ መጀመሪያ ላይ ቃል በቃል ያደርሱ ነበር። በኋላ «ተባብላችኋል» ብቻ ይሉ ጀመር።

ራሽኑ መደበኛ ከሆነ በኋላ ሆዴ ዝም አለ። ሆዴ ዝም ሲል የጎጆዬ ዝምታ ተሰማኝ። እስከዚያ ድረስ አልሰማሁትም ነበር። ሰው እርስ በርሱ ይጠያየቃል፤ ወደ እኔ ግን ማንም አይመጣም። ጥፋቱ የእኔ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ፊቷ አይቀረብም ይላሉ። ፊቴን እኔ አልሠራሁትም። ከዘርፌ ራኩባ ግን፣ ራኩባ የሳር ዳስ ነው፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሳቅ ይሰማል። ስለ ጠላዬ የሚስቁ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሳስበው በዚያ መከራ ውስጥ የአሥራ ሁለት ዓመት ጠላ ትዝ የሚለው ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ሰው የማይመጣ ከሆነ የማይሄድ ነገር ልትከል ብዬ ተነሣሁ። ከጎጆዬ ጀርባ ሁለት መደብ ቆፍሬ አዘጋጀሁ። በጥቅምት፣ የሰፋሁትን ሰፌድ ይዤ፣ ማሽላ የጫነ ሎሪ ላይ ተንጠልጥዬ ገዳሪፍ ወረድሁ።

ዘር ሻጩ ሽማግሌ ሐጂ ነበር። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ግማሹን የሚይዘው እሱ ራሱ ነው። ቲማቲም እፈልጋለሁ ለማለት ቀይ ነገር ፈልጌ ዙሪያዬን ተመለከትሁና የራሱን ቀይ የጥርስ መፋቂያ መያዣ ጠቆምሁት። ጥርሱን አሳየኝ። ሲቸግረኝ የመቁረጥ፣ የማብሰል፣ የመብላት ምልክት አከታትዬ ሳሳየው «ጠማጢም» አለ፤ ለካስ ቃሉ ከእኛው ያን ያህል አይርቅም። ጣሳውን አወጣ። ሥዕሉን አየሁና የማላምነው ሰው ፊት መሰለኝ፤ መለስሁለት። ሞላላውን አወጣ፤ በጡጫው መዳፉን እየወቀጠ አሳየኝ። ሙቀጫ የለኝምና እሱንም መለስሁለት። ቢጨንቀው ከመደርደሪያው ሥር እራፊ ጨርቅ ስቦ ፈታ፣ ጠፍጣፋ ትናንሽ ዘር በመዳፉ ዘረገፈልኝና ደረቱን መታ አድርጎ፣

«ዳ በለዲ» አለኝ።

ፍረዱኝ። መዝጋቢው ያስተማረኝን ሌላውን ሁሉ ብረሳ ይህን እረሳለሁ? «ይኼ አገሬ ነው» ማለቱ ነው። የአገሬ ዘር! በሁለት እጄ ተቀበልሁት። ዓይኔ እንባ ሲያቀር ሐጂው ደንግጦ ሰፌዱን ሊመልስልኝ ነበር።

አሁን ነገሩን ረጋ ብላችሁ ተመልከቱት። «አገሬ» ያለው ሐጂው ነው። በገዛ አፉ፣ የገዛ ደረቱን መትቶ፣ በገዛ ሱቁ። አገሬ ሲል የማንን አገር ሊል ኖሯል? ይህን ሕፃን እንኳ ይጠይቃል። እኔ አልጠየቅሁም።

ዘሩን ዘርቼ ቁጭ ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው በቀረ። ግን በማግሥቱ ቦቴው መጥቶ ለውኃ ስንሰለፍ ዘርፌ ፊት ለፊቴ ነበረች። ምላሴን የያዘ አልነበረም። «መሪጌታ» አልሁ ጮክ ብዬ፣ «የአገራችን የቲማቲም ዘር ከጎንደር መጥቶልኛል፤ ለሚመለከተው ሁሉ ይንገሩልኝ።» ጎንደርን የጨመርሁት እኔ ነኝ። ሐጂው አገር ብቻ ነው ያለው፤ የእኔ አገር ግን የት ሊሆን ነው?

ዘርፌ እንስራዋን እንዳቀፈች፣ «መሪጌታ፣ ማን አመጣላት በሉልኝ» አለች።

«ገዳሪፍ ያለው ዘር ሻጭ በሏት።»

«ሐጂው ምን ብሎ ሰጣት በሉልኝ።»

«በለዲ ብሎ በሏት።»

መሪጌታ አፋቸውን ሳይከፍቱ ዘርፌ ዝም አለች። ትንሽ አየችኝና ወደ ወረፋዋ ዞረች። ቅናት ነው ብዬ ደስ አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ፊት ነበር።

ወሬው ከውኃው ቀድሞ መጠለያውን አዳረሰ። ዘሩ ሲበቅል መጀመሪያ ሁለት ሴቶች መጡ፤ ቡቃያውን ጎንበስ ብለው አይተው ሄዱ። በማግሥቱ ሰባት ሆነው መጡ። ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን መቁጠር ተውሁ። ሁሉም ከውኃ ድርሻው በጣሳ ጠብ ያደርግልኛል። በዚያ ዘመን ውኃ ማለት ምን እንደነበር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አልችልም፤ የገዛ ፊቱን ሳይታጠብ የእኔን ቲማቲም የሚያጠጣ ሰው ነበር እላችኋለሁ። እኔም ራኩባ ሠራሁ።

ከዚያ ጠብ ተነሣ። አንዱ የጭልጋ ሰው፣ ልጆቹ እዚሁ ገዳሪፍ ስላሉ ስሙን አልጠራም፣ ቅጠሉን አይቶ ይህ የጭልጋ ነው አለ። የበለሳዋ ሴት ደግሞ አባቷ ደጅ የነበረው እንዲህ ግንደ ፀጉራም ነው ብላ ማለች። እውነቱን ልናገርና ከእነዚህ ሰዎች ግማሹ አገር ቤት ሳለ ቲማቲም ቀምሶ አያውቅም። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ነው የቀመስሁት፤ አንዱን ተፍቼዋለሁ። የበለሳዋ ሴት እንኳ ደም ይመስላል ብላ የማትነካ እንደነበረች በኋላ አምልጧት ተናግራለች። ይህ ሁሉ ግን ማልቀስ አላስቀራቸውም። መሪጌታ ቅጠሉን በጣታቸው አሽተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና፣ «የቤቴ ደጅ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። የመሪጌታ ቤት ያለው ወገራ ደጋው ላይ፣ ውርጭ ጎመን በሚያቃጥልበት ነው። ማን ይህን ሊላቸው ነው?

ዘርፌም ትመጣ ነበር። የራሷ ራኩባ ባዶ ስለሆነ ምን ታድርግ? ዳር ላይ መሬት ትቀመጣለች፣ ምንም አትልም፣ ቲማቲሙን ታያለች፣ ትሄዳለች። ድል ማለት ይህ ነው ብዬ እተኛ ጀመር። ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አበባው ሲወጣ ሐጂውን ላመሰግን ትንሽ መሶብ ይዤ ገዳሪፍ ሄድሁ። ሱቁ ደጃፍ ቁጭ ብዬ ተራዬን ስጠብቅ አንዲት ሱዳናዊት ከጎኑ ካለው ነጋዴ ዶሮ ልትገዛ መጣች። ዶሮዋን ገለባበጠችና አንድ ነገር ጠየቀች። ነጋዴው «ጅዳድ በለዲ» አላት። ዶሮውም ከአገሬ ነው! ደስ አለኝ። ቀጥላ ቅቤ ጠየቀች። «ሰምን በለዲ» አላት። ቅቤውም? ደስታዬ ቀነሰ። በእኛ አገር ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ ዶሮውና ቅቤው እዚህ መጥቶ ይሸጣል? ማን አሻገረው? ደሜ ፈላ። ከዚያ አንድ ሰው አህያ እየጎተተ ሲያልፍ ባለዶሮው አህያዋን አይቶ በለዲ ናት ወይ ብሎ ጠየቀው፤ በለዲ ናት አለ። አህያዋን ትክ ብዬ አየኋት። በየትም በኩል ብትታይ ያች አህያ ደንቢያን አታውቅም።

ወደ ሐጂው ገባሁ። በጣቴ ምሥራቁን እያሳየሁ «በለዲ? ጎንደር?» አልሁት። ሐጂው መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ራሱን በኀዘን ነቀነቀ። እጄን ይዞ ወደ መሬት ጠቆመ። «በለዲ» አለ፣ «በለድና።» የሱቁን ወለል፣ ገበያውን፣ ጥቁሩን አፈር፣ የራሱን ደረት እያፈራረቀ አሳየኝ። በለዲ ማለት የዚሁ የሱዳን፣ ከውጭ ያልመጣ ማለት ነው። መሶቡን ሰጠሁት። ይዤው ብመለስ ሰው ለምን አልሰጠሽውም ይለኛል።

በሎሪው ላይ ስመለስ ነገሩን አሰብሁት። እውነቱን ብናገር በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ያ ራኩባ ባዶ ነው። ለሱዳን ቲማቲም የፊቱን ውኃ የሚሰጥ የለም፤ የሱዳን ቲማቲም ለማየት የእኔን ፊት የሚችል የለም። ዝም ለማለት ወሰንሁ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ዝም ብያለሁ፤ ይኼ ከሁሉ የቀለለው ይመስለኝ ነበር።

ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዘርፌ ዓረብኛ ታውቃለች። ከክፉው ዘመን በፊት ከባሏ ጋር እዚሁ ሱዳን፣ ሀዋታ፣ ሦስት መኸር ሰሊጥ አጭዳለች። ያኔ የውኃ ወረፋ ላይ በለዲ ስላት ዝም ያለችው ቅናት አልነበረም። ያን ጊዜውኑ አውቃለች። ዋንጫውን ይዛ ደጄ ላይ ቆማለች፤ የምትደፋበትን ቀን ብቻ ነው የምትጠብቀው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያደረግሁትን ስናገር ዛሬም ጆሮዬ ይሞቃል። ዘርፌን መለማመጥ ጀመርሁ። ከእርዳታ የመጣ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ነበረኝ፤ ብቸኛ መቀመጫዬ። አጥቤ፣ ገልብጬ፣ ጥላው ውስጥ አስቀመጥሁና፣ «መሪጌታ፣ ያች ሴትዮ ከመሬት ተነሥታ እዚህ ላይ ትቀመጥ በሉልኝ» አልሁ። ዘርፌ ተነሥታ ተቀመጠችበት። «መሪጌታ፣ ቆርቆሮው ይወዛወዛል በሉልኝ» አለች። ድንጋይ ፈልጌ ደገፍሁላት። እንዲህ ሆኜ ሁለት ወር ቆየሁ። እሷ አፏን በከፈተች ቁጥር፣ ለማዛጋትም ቢሆን፣ ድንጋዩን ላስተካክልላት እነሣ ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ፤ ፍሬው ይቀላ ጀመር። እንዳይታወቅብኝ ለስላሳ ቢሆን ምን ነበር? አልሆነም። በየጎኑ ተሸብሽቦ፣ ትንሽ ዱባ መስሎ፣ ወገቡ ላይ ተሰንጥቆ መጣ። የጭልጋው ሰው የእኛ ልክ እንዲህ ነው አለ። የበለሳዋ ሴትም የእኛም አለች። በደብረ ዘይት እሑድ ሰባት ፍሬ ደረሰ፤ ለቅምሻ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። መሪጌታ ጸሎት አደረሱ። ጨው ነስንሼ፣ ለሁሉ እንዲዳረስ ወረቀት አስመስዬ ስቆርጥ፣ ውኃ በአህያ የሚያዞረው ሱዳናዊ ባለጋሪ በዚያ ሲያልፍ የሰውን ብዛት አይቶ ቆመ። ሰርግ መስሎት ይሆናል። ጎንበስ ብሎ መደቡን ተመለከተ፣ አንዱን ፍሬ በእጁ መዘነና ፊቱ በራ።

«በለዲ!» አለ። ቀጥሎም ብዙ ተናገረ፤ በእጁ ወደ ወንዙ በኩል፣ ወደ ራሱም ያመለክታል። እኔ እንኳ ገባኝ፤ እናቴ ጓሮ ያለው ነው እያለ ነው።

ሁሉም ዞረው ዘርፌን አዩ። ከዚያ ሁሉ ሰው ቋንቋውን በቅጡ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። «ምን ይላል?» አሏት መሪጌታ።

ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ። ዘርፌ ቆርቆሮዋ ላይ ሆና እኔን አየችኝ። ያች የማኅበር ዕለት እንዳየችኝ አድርጋ። አፏን ጠረገች።

«የአገር ነው ይላል» አለች።

ሰው ሁሉ እልል አለ። ባለጋሪው እልልታው ለእሱ መስሎት እጅ ነሣ። ቀምሶም ሄደ።

ይህን ነገር ስንት ዓመት እንዳኘክሁት አልነግራችሁም። ዋሸች ልላት አልችልም። በለዲ በአማርኛ «የአገር» ነው፤ እኛስ የአገር ዶሮ፣ የአገር ቅቤ እንል የለ? ቃሉን ቃል በቃል ነው የተረጎመችው፤ ከመሪጌታ ይልቅ እሷ ትሻላለች። የማን አገር እንደሆነ አልጠየቋትም፤ እሷም አልተናገረችም። አድናኝ እንደሆነ እንዳመሰግናት እንኳ በር አልከፈተችልኝም። ክፋት እንዲህ ያለ ነው።

ጾሙ ሲፈታ አገር ቤት ዘነበ የሚል ወሬ መጣ። ክረምቱ ሳይገባ የሚደርስ ይደርስ ብለው ብዙዎች በእግራቸው ተነሡ። የጭልጋው ሰው ቀረ፤ የበለሳዋ ሴት ሄደች። መሪጌታም እጃቸውን ይዞ የሚመራቸው ዘመድ አግኝተው ሄዱ። ስለዚህ ዘርፌ ጎጆዬ ደጃፍ ስትቆም በመካከላችን ተናጋሪ አልነበረም። እቃዋን አዝላለች። የነጠላዋን ጫፍ ዘረጋችልኝ።

«ዘር ስጭኝ፣ እቴ።»

ዘሩ ደርቆ ጨርቅ ላይ ነበር። አንሥቼ ልሰጣት ስል መልሼ አስቀመጥሁት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ያነጋገርኋት የመጀመሪያው ቃሌ ይህ ሆነ። «ዘርፌ» አልሁ፣ «ይኼ ዘር እኮ የዚሁ የሱዳን ነው።»

«አውቃለሁ። አፍሽን ዝጊና ቋጥሪልኝ።»

ቋጠርሁላት። ሁለት ጊዜ ቋጠርሁት። እሷም ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀችና፣ «ጠላሽ ያን ለት ሆምጥጦ ነበር» አለች። «ቲማቲምሽም ሆምጣጣ ነው። ግን አልደፋሁትም።»

ይቅርታ እንደሆነ አልገባኝም፤ ስድብ እንደሆነ አልገባኝም። መልስ ስፈልግ መንገደኞቹን ተቀላቅላ መንገዱን ጀመረች። ብትመለስ ልላት የምችለውን ብዙ ነገር ከዚያ ወዲህ አዘጋጅቻለሁ።

እኔ አልሄድሁም። ለምን እንዳልሄድሁ የሚጠይቁኝ አሉ። አንድ ጣት ቆጥሬ ከገባሁበት አገር አንድ ጣት ቆጥሬ ብወጣ ማን ደጁን ይከፍትልኛል? መጠለያው ሲፈርስ ገዳሪፍ ከተማ ዳር ገባሁ። በየጥቅምቱ ያንኑ ዘር እዘራለሁ። ሐጂው ካለፈ ቆየ። ቲማቲም ለማየት ከዚያ ወዲህ የመጣ ሰው የለም።

ባለፈው መኸር ግን ለሰሊጥ አጨዳ በመተማ በኩል የመጡ ያገሬ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ፣ ፀጉሩ የሸበተ የደንቢያ ሰው፣ ውኃ ስጭኝ ብሎ ገባ። መደቡን አየና ሳቀ።

«እማማ፣ ይኼማ የሱዳን ቲማቲም ነው» አለኝ።

«ማነው የሱዳን ያለው?» አልሁት።

«እኛ ዘንድ እንዲያ ነው የሚባል። ድሮ ዘርፌ የሚሏት ሴት ከስደት ይዛው ገባች ይላሉ። የዘርፌ ሱዳን የሚሉትም አሉ።»

እንግዲህ ፍረዱ። እዚህ ደብቃልኝ፣ እዚያ ሄዳ ለአገር ሁሉ አወጣችው። ሰፌዴን የሰጠሁበት፣ በፊቴ ውኃ ያሳደግሁት እኔ፤ ስሙ የዘርፌ። አለች ወይ ብዬ ልጠይቀው ፈለግሁ። ድሮ ማለቱን አልወደድሁትም። ሳልጠይቀው ውኃውን ቀዳሁለት።

ሰውዬው ደክሞት ኖሮ ጥላው ውስጥ ወዳለው አሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ሄደና ሊቀመጥበት ጎንበስ አለ። ዝጎ ጫፉ ተበልቷል፤ ከሥሩ ድንጋይ ደግፌዋለሁ።

«እሱ ላይ አትቀመጥ» አልሁት። «የሰው ነው።»

ደንገጥ ብሎ ቀና አለ። «የማን ነው እማማ?»

«የጠላቴ ነው» አልሁት። «ብትመጣ ምን ላይ ትቀመጣለች?»